በር ሳይሆን ጉልቻ መቁጠር፦ በኮሮና ወቅት ደሴ ውስጥ በቴሌግራም የተደራጀ የአንድ ሰፈር መረዳዳት

ሰፈሩና ጊዜው

ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ መሰባሰብ ተከለከለ፣ የሕዝብ ትራንስፖርትም በግማሽ እንዲጭን ተደረገ። እዚህ በምንጽፍለት ሰፈር ግን ከበሽታው ቀድሞ የገባው ሥራ ማጣት ነበር።

ሰፈሩ ደሴ ውስጥ ከጦሳ ተራራ ሥር ካሉት አንዱ ነው። ስሙን መጥራት ሰዎቹን መጥራት ስለሚሆን እንለፈው። በመንገዱ ዳር ሱቆችና የባለይዞታ ቤቶች አሉ፤ ከግቢዎቹ ጀርባ ደግሞ አንድ አንድ ክፍል እየተደረጉ የሚከራዩ ሰርቪሶች። በሰርቪሶቹ የሚኖሩት የቀን ሠራተኞች፣ ጀበና ቡና የሚያፈሉ ሴቶች፣ የባጃጅ ሾፌሮችና ከገጠር ለሥራ የመጡ ልጆች ናቸው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚቀባበረው በአንድ ቅሬ ነው። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ እንዲሁም ሞት ሲደርስ ሰፈሩን ዞሮ የሚያሰማ ለፋፊ አለው። ለፋፊው በኋላ በሰፊው ይመጣል።

የግሩፑ አጀማመር

መጋቢት አጋማሽ ላይ፣ ግቢያቸው ተዘግቶ ወደ ቤት የተመለሱ ሦስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሰፈሩን ስም ሰጥተው የቴሌግራም ግሩፕ ከፈቱ። በሳምንት ውስጥ 240 ያህል ሰው ገባ። ግማሹ ግን ሰፈሩ ውስጥ የሚኖር አልነበረም፤ አዲስ አበባ፣ ጅዳ፣ ቤይሩት ያሉ የሰፈሩ ልጆች ነበሩ። ለገንዘቡ ጠቀመ፤ ማን ቤት ዱቄት እንዳለቀ ለማወቅ ግን ምንም አልረዳም።

የመጀመሪያው ጉዳት ቶሎ ታየ። አንዲት ልጅ ማታ ላይ የእናቷን ችግር በሁለት መስመር ጻፈች። ከሥሩ ዱዓና ጸሎት፣ ፎርዋርድ የተደረገ ቪዲዮ፣ የሰላምታ ስቲከር ተደራረበበት። መልእክቱን አስተባባሪዎቹ ያዩት በሦስተኛው ቀን ነው። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ሁሉም የሚጽፍበት ግሩፕ እንዲህ ነው፤ አስቸኳዩንም ቀልዱንም እኩል ወደ ላይ ይገፋዋል።

ስለዚህ ሥራው በሦስት ተከፈለ። አንደኛ፣ ማስታወቂያና ሒሳብ ብቻ የሚወጣበት ቻናል ተከፈተ። ሁለተኛ፣ ዘጠኝ አስተባባሪዎች ብቻ ያሉበት ትንሽ ግሩፕ ተቋቋመ። አሮጌው ግሩፕ ለጨዋታ ተተወ፤ ስሎው ሞድ ተደርጎበት አንድ ሰው በአምስት ደቂቃ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲጽፍ ሆነ። ሦስተኛውና ዋናው ግን እርዳታ ከቴሌግራም ውጭ እንዲጠየቅ መደረጉ ነው። ሁለት ስልክ ቁጥሮች ተለጠፉ። ካርድ የሌለው ሰው በ*807* «ደውልልኝ» ይልካል፤ ተረኛው ይደውልለታል፤ ጥያቄው ደብተር ላይ ቁጥር ይሰጠዋል። ቻናሉ ላይ የሚወጣው «ቁጥር 31 ተሟልቷል» የሚል ብቻ ነው፤ ስም የለም፣ ቤት የለም።

ስልክ የሚያነሡት ሁለቱ ሴቶች ስለነበሩ ቶሎ አንድ ነገር መማር ግድ ሆነ። ማታ ማታ እየደወለ የሚያስቸግር አልጠፋም። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ለዚህ ሥራ ብቻ ሁለት ሲም ካርድ ተገዛ፣ ከማታ 3 ሰዓት በኋላ ስልኩ ይዘጋል ተባለ። አስተባባሪዎቹም ሁሉ ቴሌግራም ላይ ስልክ ቁጥራቸው ለማንም እንዳይታይ አደረጉ።

ዝርዝሩ

እርዳታው በማን ስም ዝርዝር ይሰጥ? ሰፈሩ ውስጥ የነበረው የተሟላ መዝገብ የቅሬው ነው፤ 118 አባወራ። የመጀመሪያው ዙር አስቤዛ በዚያ ተሰጠ። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት አንዲት በጎ ፈቃደኛ ሳሙና ልታድል አንድ ግቢ ገባች። ከዋናው ቤት ጀርባ፣ ከማድ ቤቱ አጠገብ፣ አንዲት አሮጊት በር ላይ ተቀምጠዋል። «እማማ፣ ባለፈው ለምን አልደወሉልንም?» አለቻቸው። «ምን ብዬ ልደውል ልጄ? ለዋናው ቤት ስትሰጡ አይቻለሁ። ለግቢው ደረሰ ብዬ ነው» አሉ። አሮጊቷ ተከራይ ናቸው፤ ቅሬ የላቸውም። ከሁለት ዓመት በታች የሆነ የልጅ ልጅ አብሯቸው ያድራል። በዚያው ግቢ ከእሳቸው ሌላ አራት ተከራዮች ነበሩ፤ መዝገቡ ላይ ግቢው አንድ ቤት ነው።

ከዚያ በኋላ ቆጠራው በበር መሆኑ ቀረና በጉልቻ ሆነ። ለብቻው የሚያበስል ሁሉ አንድ ነው፤ የቤት ባለቤት ይሁን፣ ደባል ይሁን፣ የሰርቪስ ተከራይ ይሁን። በአራት ቀን ተቆጥሮ 203 ጉልቻ ተገኘ። ከ118 ወደ 203 ማለት ሰፈሩ ለራሱም ሳይታይ የኖረ ሌላ ሰፈር ነበረው ማለት ነው።

ቆጠራውን የሠሩት የቴሌግራሙ ልጆች አልነበሩም። መጀመሪያ እነሱ ወረቀት ይዘው ዞሩ፤ ሰው የቀበሌ ምዝገባ መስሎት ቁጥሩን አሳነሰ ወይም አበዛ። ያቃናው ለፋፊው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሞት ሲለፍፍ ያላንኳኳው በር የለም። የትኛው ግቢ የጓሮ በር እንዳለው፣ የትኛው ክፍል ማታ ብቻ ሰው እንዳለበት ያውቃል። ከእሱ ቀጥሎ የጠቀሙት ቡና የሚጠራሩ ሴቶች ናቸው። ቡና የሚጠራሩ ሰባት ስምንት ቤቶች እንደ አንድ ክፍል ተወስደው ሰፈሩ በ26 «ቡና» ተከፈለ፤ በእያንዳንዱ አንዲት ተጠሪ ተመረጠች። አንድ ቤት ጭስ ካልወጣ ሁለት ቀን ሳይሞላው የሚያውቀው የቡና ጎረቤት ነው፤ ይህን የሚተካ አፕሊኬሽን አልተገኘም።

ማን ይቅደም የሚለውን ለመወሰን ተጠሪዋ ሦስት ነገር ብቻ ትጠይቃለች፦ ዛሬ ማታ ምን ይበላል? ቤቱ የመጨረሻ ገቢ ያገኘው መቼ ነው? አራስ፣ የታመመ ወይም ከአምስት ዓመት በታች ሕፃን አለ? ከዚህ የረዘመ ቅጽ ተሞክሮ ነበር፤ ሰውን አሳፈረ፣ የሚያነበውም አልነበረም።

ገንዘቡ

የመጀመሪያዎቹ ቀናት መዋጮ የገባው በአንድ ተማሪ የግል ሒሳብ ነበር። ልጁ ታማኝ ነው፤ ሐሜቱ ግን አልቀረለትም። ቴሌብር ያኔ አልነበረም። የሲቢኢ ብር ያለው በዚያ ይልካል፣ ሌላው ባንክ ሄዶ ያስገባል፣ አረብ አገር ያሉት በዘመድ በኩል ያደርሳሉ። ስለዚህ አንድ ብር ከየት እንደመጣ ለመከታተል ከባድ ነበር።

የቅሬው ዳኛ ያመጡት መፍትሔ የቆየ ነው። ገንዘቡ ሦስት ሰው ሳይፈርም በማይወጣበት የቅሬው የባንክ ሒሳብ ይግባ፤ ሆኖም ከቀብሩ ገንዘብ ጋር እንዳይደባለቅ ለብቻው ደብተር ይኑረው። አንዳንድ አባላት «የሬሳ ገንዘብ ለዱቄት ሊውል ነው» ብለው ተቃውመው ነበር፤ ሁለት ደብተር መኖሩን ሲያዩ ተዉት። ማታ ማታ 2 ሰዓት ላይ ቻናሉ ላይ ሦስት መስመር ይለጠፋል፦ የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ። ከሥሩ የደረሰኝ ፎቶ። ቁጥሩ ዜሮም ቢሆን ይለጠፋል። ሳይለጠፍ ያደረበት አንድ ቀን ነበር፤ በማግሥቱ ከጅዳ ብቻ አራት ሰው ደወለ።

ፎቶ ላይ ግን ሌላ ነገር ደረሰ። በመጀመሪያው ዙር ተቀባዮች ዱቄት ተሸክመው ፎቶ ተነሡ፤ ለጋሾች ይዩ በሚል። ሰባት ቤቶች በሁለተኛው ዙር «አልቸገረንም» አሉ። ችግሩ አልተወገደም፤ ገበናቸው አደባባይ መውጣቱን ጠልተው ነው። ፎቶዎቹ ከቻናሉ ጠፉ፤ ስክሪንሾት ያደረገው ግን አደረገ። ከዚያ ወዲህ የሚነሣው የደረሰኝና የመጋዘን ፎቶ ብቻ ሆነ። አስቤዛውም ውስጡ በማይታይ ጥቁር ፌስታል ተደርጎ ሲመሻሽ ይደርስ ጀመር።

አስቤዛው

የመጀመሪያው ጥቅል 10 ኪሎ ዱቄት፣ 2 ኪሎ ሽሮ፣ 1 ሊትር ዘይት፣ 1 ኪሎ ስኳር፣ ሁለት ሳሙና ነበር። ፎቶ ላይ ትልቅ ይመስላል። ሲሰላ ግን አንድ ሰው በቀን 400 ግራም እህል ይፈልጋል፤ ለአምስት ሰው 2 ኪሎ ነው። 10 ኪሎው በአምስት ቀን ያልቃል። አስተባባሪዎቹ ግን ለወር ነው ብለው ነበር የተናገሩት። «ወር ሳይሞላ እንዴት ተመልሰው ጠየቁ?» የሚለው ወቀሳ የመጣው ከዚህ ነው፤ ጥፋቱ የተቀባዩ ሳይሆን የሒሳቡ ነበር። ለሁለት ሳምንት 28 ኪሎ ያስፈልጋል። ገንዘቡ ለሁሉም ይህን ስለማይችል 25 ኪሎ ለ60 ቤት፣ ምንም ገቢ ለሌላቸው፣ እንዲሰጥ ተወሰነ፤ ለሌሎቹ ሽሮ፣ ዘይትና ሳሙና ብቻ። ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ማዳረስ ፍትሐዊ ይመስላል፤ የራበውን ግን አያጠግብም።

ዘይቱ ብዙ አስተምሯል። በ20 ሊትር ጄሪካን ተገዝቶ በአሮጌ ሃይላንድ ነበር የሚከፋፈለው። ደሴ ጠዋት ብርድ ነው፤ የፓልም ዘይት ይረጋል፤ ጠዋት ለመቅዳት የሞከሩት ግማሹን ጄሪካኑ ውስጥ አስቀሩት። ፀሐይ ከሞቀ በኋላ መቅዳት ያስፈልጋል። ከዚያ የባሰው ክዳኑ ነው። አንዴ የተከፈተ የሃይላንድ ክዳን አጥብቆ አይገጥምም። ጠርሙሱ ፌስታል ውስጥ ተጋድሞ ሲሄድ ዘይቱ ዱቄቱን አራሰው፤ በአንድ ቀን የስድስት ቤት ዱቄት ተበላሸ። ከዚያ በኋላ ከክዳኑ ሥር ቁራጭ ላስቲክ ተደርጎ ይጠበቃል፣ ዘይት ለብቻው ፌስታል ይገባል፣ ቆሞም ይጓዛል።

ጊዜው የጾም ነበር። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለ፤ በአምስተኛው ቀን ረመዳን ገባ። ለሙስሊሙ ተምርና የሾርባ እህል ይጨመር ሲባል ለየብቻ ማሸግ ጀመሩ። ማሸጉ በእጥፍ ዘገየ፣ ማን ምን ደረሰው የሚል ንግግርም መጣ። በሦስተኛው ቀን ተምሩ ለሁሉም ገባና ነገሩ አለቀ። ሲመሻሽ ማድረስም በረመዳን አልሠራም፤ አድራሹም ተቀባዩም የሚያፈጥርበት ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው የአስር ሰላት በኋላ፣ ከመግሪብ (ማፍጠሪያው) በፊት ያለው ሰዓት ተመረጠ።

ውሃ፣ ሳሙና፣ በረኪና

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር «እጅ ታጠቡ» ማለት ብቻውን ባዶ ነው። በአምስት ቦታ ቧንቧ የተገጠመለት 20 ሊትር ጄሪካን ተሰቀለ። ለአንድ ሰው ግማሽ ሊትር ቢደርስ 40 ሰው ያስታጥባል። ቧንቧው በደንብ ተከፍቶ ሲተው ግን ሃያ ሰው ሳያስታጥብ ያልቃል፤ ስለዚህ በቀጭኑ እንዲፈስ መክፈቻው ላይ ሽቦ ታሰረበት። የተቀመጠው ሳሙና ሁለት ቀን አልቆየም። መፍትሔው የሳሙና ውሃ ሆነ፦ 30 ግራም ኦሞ በአንድ ሊትር ተኩል ሃይላንድ ውሃ ተበጥብጦ፣ ክዳኑ በትኩስ ሚስማር ተበስቶ። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ሰርቆ የሚወስደውም የለም።

በረኪናው ላይ ስህተቱ አደገኛ ነበር። ገበያ ላይ ያለው በአብዛኛው 5 በመቶ ነው። ለበር እጀታና ለጠረጴዛ አንድ እጅ በረኪና ለ49 እጅ ውሃ፤ ማለትም 400 ሚሊ ሊትር በ20 ሊትር ጄሪካን። የታማሚ ትውከትና ደም ለነካው ቦታ አንድ ለዘጠኝ። ቻናሉ ላይ መጀመሪያ የወጣው ግን «ጥቂት በረኪና ጨምሩ» የሚል ነበር። አንዱ ጠብታ ጨመረ፣ ሌላው ግማሽ በግማሽ አድርጎ እጁን ላጠ። አንድ ግቢ ውስጥ ይበልጥ ያጸዳል ብለው ከአቼቶ ጋር ደባለቁት፤ ወዲያው የሚያፍን ጋዝ ወጣና ሁሉም እያሳሉ ወደ ውጭ ሮጡ። በረኪና ከአቼቶ፣ ከሎሚ፣ ከሽንት ቤት ማጽጃ ጋር አይገናኝም። የተበጠበጠው በየቀኑ ይቀየራል፤ ፀሐይ ያረጀዋል። በሃይላንድ ከተቀዳ ደግሞ ሕፃን ውሃ ነው ብሎ እንዳይጠጣው ቀይ ክር ይታሰርበታል። ለእጅ ሳሙና ካለ በረኪና አያስፈልግም።

መድኃኒት

የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማን ወደ ሆስፒታል መሄድ ፈሩ። ካርዳቸውን ተቀብሎ መድኃኒት የሚያመጣ ሰው ተመደበ። እዚህ ጥሩ ያልሆነ ነገር የመጣው ከግሩፑ ነው፤ አንዱ አስተባባሪ «ለእገሌ ቤት መድኃኒት የሚያመጣ ማን አለ?» ብሎ የመድኃኒቱን ስም ጨምሮ ጻፈ። ስሙን የሚያውቅ ሁሉ በሽታውን አወቀ። መልእክቱ በደቂቃ ውስጥ ቢጠፋም ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ እርዳታ አልጠየቁም። ከዚያ በኋላ የመድኃኒት ጉዳይ ለአንዲት በሰፈሩ ለምትኖር ነርስ ብቻ ይነገራል፤ በጽሑፍም አይላክም።

ኢንሱሊን የሚያመጣው ወጣት እንዳይሞቅበት ብሎ በረዶ ላይ አስቀምጦ አመጣው። የቀዘቀዘ ሳይሆን የረጋ ኢንሱሊን ይበላሻል፤ ቢቀልጥም አይሠራም። በረዶ ከተያዘም በፎጣ ተጠቅልሎ ነው፣ ጠርሙሱን ሳይነካ። ፍሪጅ የሌለው ቤት እንደ ደሴ ባለ ቀዝቃዛ አገር በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ እንስራ አጠገብ ቢያኖረው የተከፈተው ለአራት ሳምንት ያህል ያገለግላል።

ወሬና ወዳጃ

ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚ በየመልእክቱ ነበር። በመጀመሪያ አድሚኖቹ ይከራከሩ ነበር፤ ክርክሩ ወሬውን አበዛው እንጂ አልቀነሰው። በኋላ ነርሷ በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ የማይበልጥ የድምፅ መልእክት ታወጣ ጀመር። «ዝንጅብሉን ጠጡ፣ አይጎዳችሁም፤ ግን በሽታውን አያስቀርም፤ እጃችሁን ታጠቡ፤ ትኩሳትና ሳል ያለው 8335 ይደውል።» ድምፅ በመሆኑ ማንበብ ለማይችሉትም ደረሰ፤ ልጆች ለአያቶቻቸው ያሰሙታል።

ወዳጃው ከባዱ ነበር። ሰው ሲጨነቅ ተሰብስቦ ዱዓ ማድረግ የወሎ ነገር ነው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ ይበዛል። ልጆቹ በቻናል «ተከልክሏል» ብለው ጻፉ፤ ማንም አልሰማም። ሸሁና ቄሱ ከቅሬው ዳኛ ጋር ሆነው ቤት ለቤት፣ ደጃፍ ላይ ቆመው ተናገሩ፤ ዱዓው በየቤቱ በአንድ ሰዓት ይሁን ተባለ። ሁሉም ሰማ ማለት አይቻልም፤ የቀነሰ ግን ቀንሷል።

ኢንተርኔቱ ሲጠፋ

ሰኔ 23 ቀን 2012 በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ። የሞባይል ዳታው ከሁለት ሳምንት በላይ አልተመለሰም። ቻናሉ፣ ሒሳቡ፣ የአስተባባሪዎቹ ግሩፕ ሁሉ በአንድ ቀን ዝም አለ።

ሥራው ያልቆመው ዝርዝሩ ወረቀት ላይ ስለነበረ ነው። ጥሪና ኤስኤምኤስ ይሠሩ ነበር። አራት አስተባባሪዎች 26ቱን ተጠሪዎች ስድስት ስድስት፣ ሰባት ሰባት አድርገው ተከፋፈሉ፤ እያንዳንዷ ተጠሪ የራሷን ቡና ታደርሳለች። ባለ ቁልፍ ስልክ ይበቃል። ስልክ ወደሌለው ግቢ ለፋፊው ይሄዳል። ለደዋዮቹ ካርድ በ*806* ይተላለፍ ነበር። ሒሳቡ በቁጥር ብቻ ተጽፎ አንድ ሱቅ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። መረቡ ሲመለስ የደብተሩ ገጾች አንድ በአንድ ፎቶ ተነሥተው ቻናሉ ላይ ወጡ። የውጭው መዋጮ ግን በእነዚያ ሳምንታት ወርዶ ነበር፤ እንደ ፊቱም አልተመለሰም።

ሳይሳካ የቀረው

ኪራይ ያቃታቸው ጠፉ። አዋጁ ማስወጣትን ከልክሎ ነበር፤ ራሳቸው ወደ ገጠር የተመለሱትን ግን የሚከታተል ዘዴ አልተሠራም። በሐምሌ ከ21 በጎ ፈቃደኞች ዘጠኝ ብቻ ቀሩ፤ ምንም ዓይነት የፈረቃ ዕረፍት ስላልነበረ ነው።

ከሁሉ የከፋው ከውጭ የተመለሰ አንድ ወጣት ላይ የደረሰው ነው። ገና ቤቱ ሳይደርስ «እገሌ መጣ» የሚል መልእክት በአሮጌው ግሩፕ ተሰራጨ። ጎረቤቶች የእናቱን ጄሪካን ከወረፋ አስወጡ። መልእክቱ ከስንት ሰዓት በኋላ ጠፋ፤ ወጣቱ ከበሽታው ነጻ መሆኑ ከታወቀ በኋላም እናቱን ቡና የሚጠራ አልተገኘም። ተጠሪዋ ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ሌላ ሰፈር ቢጀምር

ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ነበር፤ ግሩፕ ተከፈተ፣ ገንዘብ ተሰበሰበ፣ ከዚያ ዝርዝር ተፈለገ። መጀመሪያ የቅሬውን መዝገብና ለፋፊውን ይዞ ጉልቻ መቁጠር፣ ቀጥሎ በቡና መከፋፈል፣ ከዚያ የሦስት ሰው ፊርማ ያለበት ሒሳብ፣ ቻናሉ በመጨረሻ። አራት አምስት ቀን ይዘገያል፤ የመጀመሪያው ዙር ግን የጓሮውን ሰው አይዘልም። ዝርዝሩ ሁልጊዜ በሁለት ደብተር ይጻፍ፤ አንዱ ስምና ቤት፣ ሌላው ቁጥርና የተሰጠው ነገር፤ ሁለቱ በሁለት ቤት ይቀመጡ። ለደዋዮች የካርድ በጀት ከመጀመሪያው ይያዝ።

ደብተሩ የቅሬው ጸሐፊ ቤት ነው ያለው። በነሐሴ 2013 ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ሰዎች ደሴ ሲገቡ እንደገና ተከፈተ። ትምህርት ቤት የተጠለሉት በሌላ ተመዝግበው ነበር፤ ዘመድ ቤት የገቡት ግን የትም አልተጻፉም። ለእነሱ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ዓምድ ተሰመረ፦ «ጉልቻው ላይ የተጨመረ ሰው»።